«ዛሬ በታሪክ»ን እንዴት እናዘጋጅ? ለሚኒ ሚዲያ፣ ለቴሌግራምና ለካፌ ጥያቄና መልስ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ሀዋሳ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሚኒ ሚዲያ አላቸው። ጠዋት ሰልፍ ላይ ወይም በእረፍት ሰዓት ማይኩ ይከፈታል። «በዛሬዋ ዕለት በታሪክ» ይባልና ከኢንተርኔት የተገለበጠ ስድስት ሰባት መስመር ይነበባል። እከሌ ተወለደ። እከሌ ሞተ። እንዲህ የሚባል ፊልም ወጣ። ተማሪው ሳንቡሳ ወረፋ ላይ ነው፤ ማን ይሰማል? ፍቅር ሐይቅ ዳር ካፌ ውስጥ የጥያቄና መልስ ምሽት የሚያዘጋጁ ልጆችም የሚያገላብጡት ያንኑ ገጽ ነው።

ይህ መመሪያ ለእነሱ ነው። የምናወራው ስለ መዝናኛው ዓለም ታሪክ ነው፤ ሙዚቃ፣ ፊልም፣ ቴሌቪዥን። በዚያ ላይ ደግሞ «የዓለም ምናምን ቀን» የሚባሉት፣ አንዳንዶቹ ቁም ነገር፣ አንዳንዶቹ የለየላቸው ቀልድ የሆኑ ቀናት አሉ።

እኔ እንደማየው የወሬ እጥረት የለብንም። የሚያስቸግረን ቀኑ ራሱ ነው። ሁለት የዘመን አቆጣጠርና የራሳችንን ሰዓት ይዘን ነው የምንኖረው። ዝም ብሎ የተገለበጠ ቀን ደግሞ በአንድ ቀን፣ አንዳንዴም በዓመት ይዛነፋል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ክፍል ስሌት ነው። አትደንግጡ፤ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ በየትኛው አቆጣጠር እንደምታስታውሱ ወስኑ

ከሁሉ በፊት ይህን ቁረጡ። እኔ የምመክረው ቀላል ነው። የውጭ አገር ክስተት በፈረንጆቹ ቀን ይታወስ። የአገር ቤት ክስተት በእኛ ቀን ይታወስ። ማይክ ላይ ግን ሁለቱም ይነገሩ።

ለምን? ዐድዋን እንውሰድ። ጦርነቱ የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን ፈረንጆቹ ዘንድ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ ግን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። ስህተት የለውም፤ እኛ በራሳችን ቀን ስለምናከብር ነው። የፈረንጅ መጽሐፍ አይታችሁ ማርች 1 ላይ «ዛሬ ዐድዋ ነው» ብትሉ ግን የሰልፉ ተማሪ በሙሉ ይስቅባችኋል።

ደብተር ያዙ፣ ወይም ስልካችሁ ላይ ሰንጠረዥ ክፈቱ። ለእያንዳንዱ ክስተት አራት ነገር ይጻፍ፦ የእኛ ቀን፣ የፈረንጅ ቀን፣ የሆነበት ከተማ፣ ያገኛችሁበት ምንጭ። ከተማው ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 3 ላይ ይገባችኋል። ወሩን ሁልጊዜ በፊደል ጻፉት። «07/04» ብላችሁ ካስቀመጣችሁ፣ አሜሪካዊው ጁላይ 4 ይለዋል፣ እንግሊዛዊው ኤፕሪል 7 ይለዋል፣ እናንተ ደግሞ ከወር በኋላ ሚያዝያ 7 ትሉት ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ቀኑን መልሱ

እነዚህን አሥራ ሦስት መነሻዎች ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ገልብጡ።

መስከረም 1 = ሴፕቴምበር 11
ጥቅምት 1 = ኦክቶበር 11
ኅዳር 1 = ኖቬምበር 10
ታኅሣሥ 1 = ዲሴምበር 10
ጥር 1 = ጃንዋሪ 9
የካቲት 1 = ፌብሩዋሪ 8
መጋቢት 1 = ማርች 10
ሚያዝያ 1 = ኤፕሪል 9
ግንቦት 1 = ሜይ 9
ሰኔ 1 = ጁን 8
ሐምሌ 1 = ጁላይ 8
ነሐሴ 1 = ኦገስት 7
ጳጉሜን 1 = ሴፕቴምበር 6

ዓመቱን ለመመለስ፣ ክስተቱ ከጃንዋሪ 1 እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሆነ 8 ቀንሱ። ከእንቁጣጣሽ እስከ ዲሴምበር 31 ከሆነ 7 ቀንሱ።

አንድ እንሥራ። ላይቭ ኤይድ የሚባለው ትልቅ ኮንሰርት፣ ለእኛው ድርቅ ገንዘብ የተሰበሰበበት፣ ጁላይ 13 ቀን 1985 ነው የተካሄደው። ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ናት። ከ8 እስከ 13 አምስት ቀን አለ። 1 ሲደመር 5፣ ሐምሌ 6። ወሩ ከመስከረም በፊት ስለሆነ 1985 ሲቀነስ 8፣ 1977። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ማለት ነው። «የሰባ ሰባቱ ድርቅ» ብለው ቤታችሁ የሚያወሩ ሰዎች ካሉ፣ ዓመቱ ለምን እንደገጠመ ወዲያው ይገባቸዋል። እ.ኤ.አ. 1985 ብላችሁ ብታነቡላቸው ኖሮ ያ ስሜት አይመጣም።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ጋ ደረስን። ከላይ ያለው ሰንጠረዥ በየአራት ዓመቱ አንዴ ለጥቂት ወራት ይንሸራተታል። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ቀጥሎ የሚገባው ዘመነ ዮሐንስ በሴፕቴምበር 12 ይጀምራል። ከዚያ ፈረንጆቹ የራሳቸውን ፌብሩዋሪ 29 እስኪጨምሩ ድረስ በአንድ ቀን እንለያያለን። ማወቂያው ቀላል ነው፤ የእኛን ዓመት ለ4 አካፍሉት። ቀሪ ከሌለው ዘመነ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ ከመስከረም እስከ ፌብሩዋሪ 29 ባለው ጊዜ፣ በሰንጠረዡ ካገኛችሁት የእኛ ቀን ላይ አንድ ቀንሱ።

ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው ዲሴምበር 19 ቀን 1943 ነው። በሰንጠረዡ ታኅሣሥ 10 ይመጣል። ዓመቱ 1936 ዓ.ም. ነው፤ ለ4 ሲካፈል ቀሪ የለውም። አንድ ቀንሱ፣ ታኅሣሥ 9። ይህች አንዲት ቀን ናት ሁለት የቴሌግራም ቻናሎችን ኮሜንት ላይ የምታጣላው።

ሚሊኒየማችንም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ላይ ነው። ብላክ አይድ ፒስ የተባሉት አሜሪካውያን ዘፋኞች አዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ የዘፈኑት በዋዜማው ሌሊት ነው። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 የሚከበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። 2016ን አስታውሱ፤ ገና ታኅሣሥ 28 ነበር፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 2024። እናቶቻችን ያለ ምንም ስሌት ያውቁታል።

ሌላም ጉድ አለ። ከማርች 1 ቀን 1900 በፊት ለሆነ ነገር ሰንጠረዡ እንዳለ አይሠራም። በ1900 ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉ፤ እኛ ግን ጳጉሜን 6ን አልዘለልንም። ስለዚህ ከማርች 1800 እስከዚያ ድረስ ላለ ክስተት በሰንጠረዡ ያገኛችሁት ቀን ላይ አንድ ጨምሩ። ዓመቱ ዘመነ ዮሐንስ ከሆነና ክስተቱ ከፌብሩዋሪ 29 በፊት ከሆነ፣ የጨመራችሁትን መልሳችሁ ቀንሱ።

ፈትኑት። ዐድዋ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። በሰንጠረዡ የካቲት 22 ይመጣል። አንድ ሲጨመር 23። ልክ ነው። አሁን ደግሞ ሲኒማን እንይ። የሉሚዬር ወንድማማቾች ፓሪስ ውስጥ ገንዘብ አስከፍለው ፊልም ያሳዩት ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ነው። በሰንጠረዡ ታኅሣሥ 19። 1900 ስላልደረሰ አንድ ጨምሩ፣ 20። 1888 ዓ.ም. ግን ለ4 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ዘመነ ዮሐንስ ነው። አንድ ቀንሱ፣ ተመልሶ 19። ታኅሣሥ 19 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የገብርኤል ዕለት! ዐድዋ ሊደርስ 64 ቀን ሲቀረው። ሲኒማና ዐድዋ በአንድ የእኛ ዓመት ውስጥ ናቸው። በፈረንጆቹ ብቻ ብታነቡት ግን አንዱ 1895፣ ሌላው 1896 ይሆንና መቀራረባቸውን ማንም ልብ አይልም።

«ይህን ሁሉ ስልኬ ይሠራልኝ የለ?» የሚል አይጠፋም። ይሠራል። ግን መተግበሪያውን መጀመሪያ በሦስት ቀን ፈትኑት፦ መስከረም 1 ቀን 2000፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2016፣ የካቲት 23 ቀን 1888። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 2024 እና ማርች 1 ቀን 1896 ብሎ ከመለሰ ያዙት። ሦስተኛው ላይ ከሳተ ለድሮ ነገር አትመኑት።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን እዩ

ማይክል ጃክሰን ጁን 25 ቀን 2009 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አረፈ። መሞቱ የተነገረው እዚያ ከቀትር በኋላ 2:26 ላይ ነው። እኛ ጋ ያን ጊዜ እኩለ ሌሊት አልፎ ከሌሊቱ 6:26 ሆኗል። በሎስ አንጀለስ ሰኔ 18፣ በሀዋሳ ሰኔ 19። የትኛውን እንበል?

የሆነበትን ከተማ ቀን ያዙ። ግን እዚህ ያለው ሰው ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈው ለማውራት ከፈለጋችሁ «ሰኔ 18 ለ19 አጥቢያ» በሉ። አማርኛ ለዚህ የሚሆን አነጋገር አለው፤ ምን አስቸገረን?

ዘ ዊኬንድም እንዲሁ ነው። ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑት ይህ ድምፃዊ፣ አቤል ተስፋዬ፣ በሱፐር ቦል (በአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ) እረፍት ላይ የዘፈነው ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021 ማታ፣ ታምፓ ከተማ ነው። ያ ጥር 30 ቀን 2013 ነው። እኛ ጋ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ነበር፣ የካቲት 1 ገብቷል። አሜሪካ ውስጥ ማታ የሚደረግ ነገር ሁሉ፣ የሽልማት ሥነ ሥርዓት በሉት፣ የቴሌቪዥን ትርዒት በሉት፣ እዚህ ማግስቱ ላይ ይወድቃል።

እንግሊዝና አውሮፓ ከእኛ ቢበዛ በሦስት ሰዓት ብቻ ስለሚለዩ እምብዛም አያስቸግሩም።

ደረጃ 4፦ ሁለት ጊዜ አጣሩ

ኢንተርኔት ላይ አንድ ቀን በአሥር ገጽ ተጽፎ ካገኛችሁ አሥር ምስክር አገኘሁ አትበሉ። ብዙ ጊዜ ዘጠኙ ከአንዱ የገለበጡ ናቸው። ቃል በቃል አንድ ዓይነት ከሆኑ እንደ አንድ ቁጠሯቸው።

ምንጮች ሲለያዩ ልዩነቱን እዩት፤ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። አንዱ ከሌላው በአንድ ቀን ከተለየ፣ ወይ የዘመነ ዮሐንስ ጉዳይ ነው፣ ወይ የሰዓት ልዩነት ነው። በአንድ ዓመት ከተለየ፣ 7 መቀነስ ያለበት ሰው 8 ቀንሷል፣ ወይም በተገላቢጦሽ። በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ከተለየ፣ አንዱ ጭራሽ አልመለሰውም። የእኛ አርቲስቶች ዕድሜ ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል። በድሮ ካሴት ሽፋን ላይ ዓመት ተጽፎ ካገኛችሁም፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳታዩ አትቅዱት።

ጥላሁን ገሠሠን እንውሰድ። ልደቱ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት። ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ዕለት። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1940 እና ኤፕሪል 19 ቀን 2009 ናቸው። እንዲህ ቀኑ ከበዓል ጋር ሲገጥም ለማጣራትም ይመቻል። የ2001 ፋሲካ መቼ ዋለ ብላችሁ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ትችላላችሁ። ደግሞ ልብ በሉ፤ ማይክል ጃክሰንም በዚያው በ2001 ዓ.ም. ነው ያረፈው፣ ከጥላሁን ሁለት ወር ገደማ በኋላ።

«የመጀመሪያው» የሚል ቃል ስታዩ ፍሬን ያዙ። የሉሚዬር ትርዒት «በዓለም የመጀመሪያው ፊልም» ነው ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው። አይደለም። ሉዊ ለ ፕራንስ የተባለ ሰው እንግሊዝ አገር ሊድስ ውስጥ በኦክቶበር 1888 ጥቂት ሰከንድ ቀርጿል። ገንዘብ ከፍሎ ላየ ተመልካች ማሳየትም ቢሆን፣ የስክላዳኖቭስኪ ወንድማማቾች በርሊን ላይ ኖቬምበር 1 ቀን 1895 ቀድመዋቸዋል። ሉሚዬሮቹን ትልቅ ያደረጋቸው መሣሪያቸው ከሁሉ የተሻለ ስለነበር ነው። ተመልካቹ ባቡር መጣብኝ ብሎ ከአዳራሽ ሮጠ የሚባለውም አለ። የባቡሩ ፊልም ያን ምሽት ከታዩት አሥር ፊልሞች ውስጥ አልነበረም፤ የታየው በሚቀጥለው ወር ነው። ታዲያ ማን ከምን ሮጠ?

ሌላው የታወቀ ወጥመድ ሼክስፒርና ሴርቫንቴስ ናቸው። ሁለቱም ኤፕሪል 23 ቀን 1616 ሞቱ ይባላል፤ ዩኔስኮ የዓለም የመጽሐፍ ቀንን ሚያዝያ 15 ላይ ያዋለው በዚህ ነው። እውነቱ ግን ያን ጊዜ እንግሊዝ በአሮጌው አቆጣጠር ነበረች፣ ስፔን በአዲሱ። ሼክስፒር የሞተበት ቀን በስፔን አቆጣጠር ሜይ 3 ነው። ሴርቫንቴስም የሞተው በዋዜማው ነው፤ 23 የተቀበረበት ነው። ይህን ከእኛ በላይ የሚገባው ሰው የለም። በሁለት ካላንደር ቀጠሮ ይዞ የማያውቅ ማን አለ?

ደረጃ 5፦ ለየት ያሉ ቀናትን ምረጡ

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ ማን አወጀው?

የተባበሩት መንግሥታት ወይም ዩኔስኮ ያወጀው ከሆነ ያለ ፍርሃት «የዓለም ቀን» በሉት። የዓለም የሬዲዮ ቀን ፌብሩዋሪ 13፣ የካቲት 6 ነው። ቀኑ የተመረጠው የተባበሩት መንግሥታት ሬዲዮ በ1946 እ.ኤ.አ. ስለተመሠረተበት ነው። ሚኒ ሚዲያ ይህን ካላከበረ ማን ያከብራል? የዓለም የጃዝ ቀን ኤፕሪል 30፣ ሚያዝያ 22 ነው። ሙላቱን የምትከፍቱበት ቀን ተገኘ። የዓለም የብስክሌት ቀን ጁን 3፣ ግንቦት 26 ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የታወጀ። ለሀዋሳ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ሜዳ ከተማ፣ ሰፊ አስፋልት፣ ተማሪው በብስክሌት የሚመጣበት አገር። የዓለም የቡና ቀን ኦክቶበር 1 ነው፣ መስከረም 21፤ የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ነው የጀመረው። ከሲዳማ ቡና አጠገብ ተቀምጦ ይህን ማለፍ ነውር ነው።

ግለሰብ የጀመረው ከሆነ ታሪኩን ጨምራችሁ ተናገሩ፤ ቀልዱ ያለው እሱ ላይ ነው። ሴፕቴምበር 19፣ መስከረም 9፣ «እንደ ባሕር ወንበዴ የማውራት ቀን» ይባላል። በ1995 እ.ኤ.አ. ሁለት አሜሪካውያን ጓደኛሞች ኳስ ሲጫወቱ የፈጠሩት ነው። ቀኑን የመረጡት የአንደኛው የቀድሞ ሚስት ልደት ስለሆነና እንዳይረሱት ነው። ጁላይ 17፣ ሐምሌ 10፣ የኢሞጂ ቀን ነው። ለምን 17? የአፕል ስልክ ላይ ያለችው የካላንደር ኢሞጂ የምታሳየው ጁላይ 17ን ስለሆነ ነው። እስቲ ካላመናችሁ ስልክ ያለው ጓደኛችሁ ላይ እዩ።

ኩባንያ ዕቃውን ለመሸጥ የፈጠረው ከሆነ ዝለሉት። ነፃ ማስታወቂያ መሥራት የለባችሁም።

ኤፕሪል 1፣ መጋቢት 23፣ የማታለያ ቀን ነው። ለመዝናኛ ታሪክ የሚሆን ወርቅ ወሬ አለው። በ1957፣ በእኛ 1949 ዓ.ም.፣ ቢቢሲ ፓኖራማ በተባለው ቁም ነገረኛ ፕሮግራሙ ላይ የስዊዘርላንድ ገበሬዎች ፓስታ ከዛፍ ሲለቅሙ አሳየ። ያን ጊዜ ፓስታ እንግሊዝ አገር እንደ ዛሬው የተለመደ ምግብ አልነበረም። ዛፉን እንዴት ነው የሚተከለው ብለው ስልክ የደወሉ ተመልካቾች ነበሩ። ይህን አንብቡ፣ ሳቁ። ግን የራሳችሁን ማታለያ ማይክ ላይ አትሞክሩ። «ፈተና ተራዝሟል»፣ «እከሌ አረፈ» የሚል ቀልድ እኛ ጋ ቀልድ ሆኖ አይቀርም። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቴሌግራም ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ናችሁ።

ተንቀሳቃሽ ቀናትን ደግሞ ለብቻ ገጽ ስጧቸው። ፋሲካ ቋሚ ቀን የለውም። የዓለም የሳቅ ቀን በሜይ የመጀመሪያው እሑድ ነው። ፍቼ ጨምበላላ፣ የሲዳማ አዲስ ዓመት፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ላይ የተመዘገበው፣ ቀኑ የሚታወቀው አያንቶዎች የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ሲናገሩ ነው። ስለዚህ «በዛሬዋ ዕለት ፍቼ ነው» ብሎ ካምና ገልብጦ የሚያነብ ልጅ የበዓሉን ቦታ ጉዱማሌን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ማስታወቂያው እስኪወጣ ጠብቁ። ቀኑ ሲደርስ «አይዴ ጨምበላላ» ብላችሁ ክፈቱ።

ደረጃ 6፦ ከአምስቱ አንዱን ብቻ ያዙ

ለአንድ ቀን አምስት ስድስት ክስተት ታገኛላችሁ። አንዱን አጥብቃችሁ ተርኩ። ሁለተኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር እለፉት። ሌላውን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት።

እንዴት ይመረጥ? ሰሚው የሚይዘው ነገር ያለበትን። ፌብሩዋሪ 6፣ ጥር 29፣ የቦብ ማርሌይ ልደት ነው፤ በ1945 ተወለደ፣ በእኛ 1937 ዓ.ም.። ይህ ብቻውን ደረቅ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ መጥቶ ሻሸመኔ መድረሱን ጨምሩበት። ሻሸመኔ ከመናኸሪያ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ያህል ናት። ከዚያ ደግሞ ካረፈ ከ23 ዓመት በላይ ቆይቶ 60ኛ ዓመት ልደቱ አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ላይ መከበሩን ንገሩ፤ ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም.። አሁን ሳንቡሳ ወረፋ ላይ ያለውም ዞር ይላል።

ደረጃ 7፦ ጻፉት

አንድ ደቂቃ የማይሞላ ይሁን። ዓመተ ምሕረት አትጀምሩበት፤ ሰው የሚጀምረው ከቦታና ከሰው ነው። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እንዲህ ነው፦

«በዛሬዋ ዕለት እ.ኤ.አ. በ1895 የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ በሚገኘው ግራንድ ካፌ ውስጥ የመጀመሪያውን የፊልም ትርዒት ለሕዝብ አቅርበዋል።»

ልክ ያልሆነ ነገር አለው («የመጀመሪያውን»)፣ በዚያ ላይ ያስተኛል። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገዋለሁ፦

«ዛሬ ታኅሣሥ 19 ነው፤ ገብርኤል። ሀዋሳ በእንግዳ ተጨናንቃለች። በዚህችው ቀን በ1888 ዓ.ም. ፓሪስ ውስጥ አንድ ካፌ ምድር ቤት የገቡ ሰዎች አንድ አንድ ፍራንክ ከፈሉ። ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸው ነጭ መጋረጃ አለ። መብራቱ ጠፋ። መጋረጃው ላይ የፋብሪካ ሠራተኞች ከበር ወጡ፤ ሴቶች፣ ወንዶች፣ አንድ ውሻ። አሥር ፊልም አዩ፣ አንዱም ደቂቃ አይሞላም። ያን ጊዜ የአጤ ምኒልክ ጦር ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር። ለዐድዋ 64 ቀን ቀርቷል።»

እዚህ ላይ ያቁሙ። «ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ ሲኒማ ጠቃሚ ነው» አያስፈልግም።

ሲነበብ ደግሞ ቁጥር እንደ ሰው ይነበብ። «አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ስምንት» ረጅም ከሆነባችሁ «በሰማንያ ስምንት፣ በዐድዋ ዓመት» በሉ። የውጭ ስም ላይ እንዳትደናቀፉ በፊደል ጽፋችሁ ሁለት ሦስቴ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ዘፈን ከሥር የምታስገቡ ከሆነ አጭር ይሁን፤ ድምፁን ዝቅ አድርጉት። የትምህርት ቤት ስፒከር ዘፈንና ንግግር አብሮ አይችልም፤ ሁለቱም ይታፈናሉ።

ደረጃ 8፦ ወደ ጥያቄ ቀይሩት

ለካፌ ምሽት የሚሆን ጥያቄ ሌላ ሙያ ነው። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» የሚል ጥያቄ ጠብ ያመጣል። አንዱ ጠረጴዛ በእኛ ይመልሳል፣ ሌላው በፈረንጅ፣ ሁለቱም ልክ ነን ይላሉ፣ ሽልማቱ ደግሞ አንድ የተጠበሰ ዓሣ ነው። ስለዚህ ወይ አቆጣጠሩን ጥያቄው ውስጥ ጻፉ፣ ወይ ሁለቱንም ተቀበሉ።

ጥሩ ጥያቄ የማያውቀውም ሰው አስቦ ሊደርስበት የሚችል ነው። «ፊል ኮሊንስ በላይቭ ኤይድ ቀን በአንድ ቀን ለንደንም ፊላደልፊያም ላይ ዘፍኗል። እንዴት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰዓት ልዩነት ያሰበ፣ ኮንኮርድ የሚባለውን ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን ያስታወሰ ያገኛታል። «የአሜሪካው የሙዚቃ ቴሌቪዥን ኤም ቲቪ በሐምሌ 25 ቀን 1973 ዓ.ም. ሲከፈት መጀመሪያ ያሳየው ክሊፕ ስለ ምን የሚያወራ ነበር?» ይህም ጥሩ ነው። መልሱ፣ ቪዲዮ የሬዲዮ ኮከብን ስለመግደሉ። ቀልዱን ራሳቸው ሆነ ብለው ነው የመረጡት።

ጥያቄዎቹን ከቀላል ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሁሉም ጠረጴዛ ይመልስ፤ ሰው ከተሸማቀቀ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። መልሱን ከምንጩ ጋር ወረቀት ላይ ያዙ። ተከራካሪ ሲነሳ ወረቀቱን ማሳየት ነው፣ በጩኸት ማሸነፍ አይደለም። ተከራካሪው ልክ ሆኖ ከተገኘ ነጥቡን ስጡት፤ ማስተካከያውንም በማግሥቱ እዚያው ቻናል ላይ ጻፉ።

ደረጃ 9፦ ጳጉሜንን አትርሱ

ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ሚኒ ሚዲያው ይተኛል፤ ቴሌግራሙ ግን አይተኛም። በዚያ ላይ ከውጭ ገልባጮቹ ማንም ጳጉሜን ብሎ አይጽፍም፤ ሜዳው የእናንተ ነው። ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ልጆች በዝናብ የሚጠመቁበት፣ በ1958 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ስታር ትሬክ የተባለው ተከታታይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተላለፈ፤ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966። ጳጉሜን 5 ደግሞ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮምን የሮጠበት ነው፤ 1952 ዓ.ም.፣ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ። መዝናኛ አይደለም የሚል ካለ ይለፍ፤ እኔ አስገባዋለሁ።

ጳጉሜን 6 በየአራት ዓመቱ ስለምትመጣ አስቀድማችሁ አዘጋጁላት። ቀጣይዋ በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ናት፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027። አንድ ክስተት ከአሁኑ ልስጣችሁ። ከቦብ ማርሌይ ጋር ዌይለርስ የተባለውን ባንድ የመሠረተው ፒተር ቶሽ ኪንግስተን ቤቱ ውስጥ የተገደለው ሴፕቴምበር 11 ቀን 1987 ማታ ነው። 1979 ዓ.ም. ለ4 ሲካፈል ሦስት ይቀራል፤ ዘመነ ሉቃስ ነው፣ ስለዚህ ቀኑ ጳጉሜን 6 ነው። አሁን ደረጃ 3ን አምጡ። ጃማይካ ከእኛ በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እዚያ ሲመሽ እዚህ እኩለ ሌሊት አልፏል። በኪንግስተን ጳጉሜን 6 ቀን 1979፣ በሀዋሳ ለመስከረም 1 ቀን 1980 አጥቢያ። ደብተሩ ላይ ሁለቱንም ጻፉ፣ ከተማውንም አትርሱ።